ለሕፃናት የሚበጅ ድረ ገጽ ስለ መምረጥ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ከወልድያ ተነሥተው ወደ ሰሜን ሲጓዙ፥ መንገዱ ወደ ራያ ቆላ ከወረደ በኋላ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በስተ ምዕራብ የደጋው ገደል፥ በመካከሉም ማሽላ የሚበቅልበት ሰፊ ሜዳ ይታይዎታል። የቆቦ ከተማ የምትገኘው በዚህ ሜዳ ላይ ነው። በቀትር ጊዜ ሙቀቱ ብርቱ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይጠጋል፤ ሕፃናትም ከቤት ይውላሉ። በዚህ ሰዓት ለምሳ ወደ ቤቱ የገባ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ ጥቂት ዐረፍ ለማለት ሲል ስልኩን ለአራት ዓመት ልጁ ቢሰጠው ማንም አይወቅሰውም። ልጁ ዝም ይላል፤ አባትም ያርፋል። ነገር ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስልኩን ሲቀበል፥ ልጁ ሲመለከት የቆየው በማያውቀው ቋንቋ እየጮኹ የአሻንጉሊት ሳጥን የሚከፍቱ ሰዎችን ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ለልጁ ማን መረጠለት? አባቱ አልመረጠም፤ እናቱም አልመረጠችም። ዓይን እንዳይነቀል ብቻ የሚያሰላ መኪና መረጠለት።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን፥ በስልክና በኮምፒዩተር ከሚገኘው ብዙ ነገር ውስጥ ለትናንሽ ልጆች ደስታም ትምህርትም የሚሰጠውን እንዴት ለይቶ ማግኘት እንደሚቻል ነው። በተለይም የማስበው በቆቦና በዙሪያዋ፥ በሮቢት፥ በጎብየና በዋጃ ያሉትን ወላጆች ነው። ለእነዚህ ወላጆች የሚስማማው ምክር በአዲስ አበባ በፋይበር መስመር ለሚጠቀም ሰው ከሚሰጠው ምክር ጋር አንድ ሊሆን አይችልም።

ምክንያቱንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ፤ በ2014 ዓ.ም. ነሐሴም እንደገና ተመለሰ። በዚያ ዘመን ትምህርት ቤት ተዘጋ፥ መብራት ጠፋ፥ ስልክም ዝም አለ። ፊደል መቁጠር በሚገባቸው ዓመት ፊደል ሳይቆጥሩ ያለፉ ልጆች ብዙዎች ናቸው። ከዚያም በኋላ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆየ። ታላላቆቹ በጦርነቱ ጊዜ ያጡትን ትምህርት ታናናሾቹ ዛሬ በቤታቸው በጥቂቱ እንኳ ሊያገኙ የሚችሉበት መሣሪያ በአባታቸው ኪስ ውስጥ አለ። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚሠራው መስመር ሲኖር ብቻ ከሆነ፥ በሚያስፈልግበት ቀን አይገኝም ማለት ነው።

የራያ ገበሬ ይህን የመሰለ ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። ዝናም በደጋው ሲዘንብ ጎርፉ በደረቅ ወንዝ ወርዶ ለጥቂት ሰዓት ይፈስሳል፤ ከዚያም ይቆማል። ገበሬው ጎርፉ ዘወትር ይኖራል ብሎ አይቀመጥም። ቦዩን አስቀድሞ ቆፍሮ ይጠብቃል፤ ጎርፉ በመጣም ጊዜ፥ ሌሊትም ቢሆን ወጥቶ ወደ ማሳው ይጠልፈዋል፤ እርጥበቱም በአፈሩ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። ኢንተርኔትን በቆቦ እንደ ቧንቧ ውሃ ሳይሆን እንደዚሁ ጎርፍ አድርጎ ማየት ይገባል። ስለዚህ ስለ አንድ ድረ ገጽ የምንጠይቀው የመጀመሪያው ጥያቄ «ያምራልን?» የሚለው አይደለም፤ «መስመር በሄደ ጊዜ በቤቴ የሚቀር ነገር ይሰጠኛልን?» የሚለው ነው።

ወደ ድረ ገጾቹ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ዕድሜ ጥቂት ልናገር። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ስክሪን እንዲመለከት አይመክርም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ግን በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳያልፍ፥ ከዚያም ቢያንስ የተሻለ እንደሆነ ይገልጻል። ይህ ስለ ዓይን ወይም ስለ እንቅልፍ ብቻ የተባለ አይደለም። ፓትሪሺያ ኩል የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት አንድ ጥናት ነበር። የዘጠኝ ወር የአሜሪካ ሕፃናት ለ12 ጊዜ ያህል ቻይንኛ እንዲሰሙ ተደረገ። አንዳንዶቹ ፊት ለፊት ተቀምጦ ከሚያጫውታቸው ሰው ሰሙ፤ ሌሎቹ ይህንኑ በቴሌቪዥን ተመለከቱ። በኋላ ሲፈተኑ፥ ከሰው የሰሙት የቻይንኛን ድምፆች ለመለየት ቻሉ፤ ከቴሌቪዥን የሰሙት ግን ምንም እንዳልሰሙት ሆኑ። ድምፁ አንድ ነው፥ ቃሉም አንድ ነው፤ የጎደለው ሰው ነበር። እንግዲህ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሁሉ፥ እርስዎ ወይም ታላቅ እኅቱ ከልጁ አጠገብ ተቀምጣችሁ ካልሆነ የሚሰጡት ጥቅም እጅግ ያንሳል።

አሁን ከአገራችን ሥራ እንጀምር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ለረጅም ዓመታት ለልጆች ተረት ያወሩ የነበሩትን አባባ ተስፋዬን የማያስታውስ የመንግሥት ሠራተኛ አይገኝም። ሙሉ ስማቸው ተስፋዬ ሣህሉ ይባላል፤ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ዐረፉ። የእርሳቸው ምሥጢር ቀላል ነበር፤ ልጆችን እየተመለከቱ በልጆች ቋንቋ ይናገራሉ። መስኮቱን ቢከፍቱት ከቤትዎ አያት የተለዩ አይመስሉም ነበር። ዛሬ በዩቲዩብ ላይ የልጆች ዝግጅት ሲመርጡ ይህንኑ ሚዛን ይያዙ፤ አቅራቢው ከልጅዎ ጋር ይነጋገራልን፥ ወይስ በልጅዎ ላይ ይጮኻል?

ከእርሳቸው በኋላ የመጣው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች መምህርት ከባለቤቷ ከሼን ኤትሰንሃውዘር ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የተባለውን ድርጅት በአዲስ አበባ አቋቁማ ያዘጋጀችው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2006 በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የምትባል ትንሽ ቀጭኔ ናት፤ አሻንጉሊት ብትሆንም እንደ ሰው ልጅ ትጠይቃለች፥ ትሳሳታለች፥ ትዘምራለች። ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርት ሥርጭት ሽልማት አገኘ፤ ብሩክታዊትም እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ሽልማት ተሸለመች። ነገር ግን ለቆቦ እናት የሚበልጥባት ሽልማቱ አይደለም፤ ዝግጅቱ በአማርኛ መሆኑ፥ ረጋ ብሎ መናገሩና እጅ መታጠብን የመሰለ የቤት ነገር ማስተማሩ ነው። ስሙን በአማርኛ ፊደል ጽፈው ቢፈልጉ በዩቲዩብ ያገኙታል። ብዙ ሰው ቆርጦ እየለጠፈ የራሱ ስለሚያስመስለው፥ ከባለቤቱ ድርጅት የወጣውን ይምረጡ።

ቀጥሎ የምናገርለት አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ነው። በእኔ አስተያየት ለራያ ቆላ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ስለሆነ ጥቂት ሰፋ አድርጌ እገልጸዋለሁ። ሳይድ የተባለ የደቡብ አፍሪካ የትምህርት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ያቋቋመው ሲሆን፥ በልዩ ልዩ የአፍሪካ ቋንቋዎች የተጻፉ የልጆች ታሪኮች በሥዕል ተዘጋጅተው በነጻ ይገኙበታል። አማርኛ አለበት፤ በቆቦ ወረዳ በቤታቸው ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ለሚናገሩ ቤተሰቦችም በነዚህ ቋንቋዎች የተጻፈ ይገኝበታል። ታሪኮቹ በደረጃ የተከፈሉ ናቸው፤ ከመጀመሪያ ቃላት ተነሥተው ወደ መጀመሪያ ዓረፍተ ነገር፥ ከዚያም ወደ አንቀጽ ይሸጋገራሉ፤ ወላጅ ጮኾ ለልጁ የሚያነብባቸውም ለብቻቸው አሉ። የድረ ገጹን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ይክፈቱ፤ ቋንቋውን አማርኛ ያድርጉ፤ ደረጃውን ይምረጡ፤ የወደዱትንም ወደ ስልክዎ ያውርዱ። የሥዕል መጽሐፍ ከተንቀሳቃሽ ፊልም ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ስለሆነ፥ አንድ ፊልም በሚወርድበት ፓኬጅ ብዙ መጽሐፍ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ መስመር ቢኖርም ባይኖርም መጽሐፉ የእርስዎ ነው።

ሌላው ጥቅሙ ፈቃዱ ነው። በዚህ ድረ ገጽ ላይ ያሉትን ታሪኮች ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማተም፥ ማባዛትና መተርጐም ይችላል። ስለዚህ በማተሚያና በፎቶ ኮፒ ቤት አንድ ታሪክ በጥቁርና ነጭ አሳትመው መሐሉን በክር ቢሰፉት፥ ልጅዎ የራሱ መጽሐፍ ያገኛል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊትም በኩራዝ ይነበባል። (በነገራችን ላይ የመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ለዚህ ሥራ እንዳልተገዛ ማስታወስ ደግ ነው፤ ዋይፋዩም እንደዚሁ።)

ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። ከታሪኮቹ ብዙዎቹ ከሌላ አገር ቋንቋ የተመለሱ በመሆናቸው አንዳንዱ አማርኛ ይጎረብጣል። በአንዳንዱም የቆቦ ልጅ አይቶት የማያውቀው ጉማሬና የኮኮናት ዛፍ ይመጣል፤ በየቀኑ በደጃፉ የሚያልፈው ግመል ግን ላይኖር ይችላል። የእኔ ምክር፥ ለልጁ ከማንበብዎ በፊት ለብቻዎ አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ የጎረበጠውንም በራያ አነጋገር እያቀኑ ያንብቡለት የሚል ነው። ልጅ የሚከተለው የአንባቢውን አፍ ነውና ማንም አይከስስዎትም።

እንደዚሁ ያሉ ሌሎች የመጻሕፍት ድረ ገጾችም አሉ። ስቶሪዊቨር የሚባለውን ፕራታም ቡክስ የተባለ የሕንድ አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2015 ጀመረው። በኖርዌይ ድጋፍ የተቋቋመው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 የተመረቀው በዚሁ በአዲስ አበባ ነበር። አጠቃቀማቸው ከላይ ከተነገረው እምብዛም አይለይም።

መጽሐፍ ከማንበብ በፊት ግን ፊደል ይቀድማል፤ የእኛም ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ቤት ተባዝተው 231 ስለሚሆኑ፥ ለልጅ ቀላል ሸክም አይደለም። በዚህ ረገድ በአገራችን የተደረገ አንድ ሙከራ መጠቀስ ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ኮምፒዩተር» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፥ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለሕፃናት በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ታብሌት ሰጠ። አስተማሪ አልሰጣቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ፤ በሁለት ሳምንትም ልጆቹ የእንግሊዝኛን ፊደል እየዘመሩ ይሄዱ ጀመር። ወሬው በዓለም ተሰማ። እኔ ግን ከወሬው ይልቅ ሁለት ነገር ልብ ብያለሁ። አንደኛ፥ ልጆቹ የዘመሩት የእንግሊዝኛን ፊደል ነበር፤ የተጫነላቸው እርሱ ነውና። ልጅ ያገኘውን ይማራል። ሁለተኛ፥ በእነዚህ መንደሮች ኢንተርኔት አልነበረም፤ አንድ ሠራተኛ በየሳምንቱ እየመጣ የታብሌቶቹን ሜሞሪ ካርድ ይለውጥ ነበር። እውቀቱ የተጓዘው በሽቦ ሳይሆን በሰው ኪስ ነው። ቆቦም ይህን ማድረግ አያቅታትም።

በዚያ ሙከራ ከተሳተፉት ተመራማሪዎች መካከል አንዳንዶቹ በኋላ ኩሪየስ ለርኒንግ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ይህ ድርጅት ከሚያሠራጫቸው መተግበሪያዎች አንዱ ፊድ ዘ ሞንስተር፥ ማለት «ጭራቁን አብላው» የሚባለው ጨዋታ ሲሆን፥ በመጀመሪያ የተሠራው ከጦርነት ለተሰደዱ የሶርያ ልጆች በዐረብኛ ነበር፤ ከዚያም በአማርኛ ተዘጋጀ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ትንሽ ጭራቅ የፊደል ድምፅ እየጠራ ይለምናል፤ ልጁም ከቀረቡለት ፊደሎች ትክክለኛውን በጣቱ እየጎተተ ያጎርሰዋል። ትክክል ከሆነ ጭራቁ ይውጣል፥ እያደገም ይሄዳል፤ ስሕተት ከሆነ አይቀበለውም። ነጻ ነው፤ አንድ ጊዜ ከወረደም በኋላ ያለ መስመር ይሠራል። የተሰደዱ ልጆችን አስቦ የተሠራ ጨዋታ ለቆቦ ልጅ መድረሱ እንግዳ ነገር አይደለም። ሆኖም ጨዋታው በድምፅ ላይ የቆመ ስለሆነ፥ የ«ሀ»ን፥ የ«ሐ»ንና የ«ኀ»ን፥ እንዲሁም የ«ሰ»ንና የ«ሠ»ን መልክ መለየት የወላጅ ሥራ ሆኖ ይቀራል። የኔታ በጭራሮ እየጠቆሙ ያስተማሩን ይህንኑ አልነበረምን?

ስለ እንግሊዝኛ የሚጠይቁኝ ወላጆች አሉ። ካን አካዳሚ ኪድስ የተባለው መተግበሪያ ከሁለት እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች የተዘጋጀ፥ ነጻና ማስታወቂያ የሌለበት በመሆኑ ከእንግሊዝኛዎቹ መካከል እርሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን የአራት ዓመት ልጅ «ኤ ለአፕል» እያለ ሲናገር በእንግዳ ፊት ደስ ይላልና፥ ወላጆች ስለ «ሀ ሁ» ይዘነጋሉ። ይህን አላመሰግንም። እንግሊዝኛው ይቆየው፤ አያመልጥም።

እስካሁን የጠቀስኳቸውን ትተው በራስዎ ሌላ ሊፈልጉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ልጁ ሳይኖር አንድ ሩብ ሰዓት ያህል ራስዎ ይጫወቱበት። ባለቤቱ ማን እንደሆነ በግልጽ ካልጻፈ ይዝጉት። የልጁን ስም፥ ዕድሜ፥ ፎቶግራፍ ወይም የሚገኝበትን ቦታ ከጠየቀ ይዝጉት፤ ይህ ከንቱ ፍርሃት አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግልንና ዩቲዩብን ያለ ወላጅ ፈቃድ የልጆችን መረጃ ሰብስባችኋል በሚል ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር አስከፍሏቸዋል። ከሁሉም በላይ አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ የሚጀምር መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ። ተረት መጨረሻ አለው፤ ተራኪው ዝም ይላል፥ ልጁም «ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። በዩቲዩብ ላይ ግን ይህ ዝምታ እንዳይኖር ተደርጓል። በራሱ እንዲቀጥል የሚያደርገውን ማብሪያ ማጥፋት ይቻላል፤ ዛሬውኑ ያጥፉት። ከጨረሱም በኋላ ስልኩን ወደ ኪስዎ መልሰው ልጁን «እንቆቅልህ» ይበሉት፤ ስለ ቀጭኔዋም፥ ስለ ጭራቁም ይጠይቁት። ትምህርቱ ከሚታየው ይልቅ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ስለ ቦዩ ልናገር። በቆቦ በሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ሱቆች አሉ። ለልጆች ጫንልኝ ቢሉት ባለሱቁ ያገኘውን ይጭንልዎታል፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። ነገር ግን ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ለስብሰባ የሄደ ባልደረባ ማታ በሚያርፍበት ሆቴል ኻያ የተመረጡ መጻሕፍት፥ ዐሥር ያህል የፀሐይ ዝግጅትና የፊደል ጨዋታውን በአንድ ካርድ ላይ አውርዶ ቢመለስ፥ በመሥሪያ ቤቱ ያሉ ወላጆች ሁሉ በብሉቱዝ ወይም በዜንደር ያለ አንድ ሳንቲም ይቀባበሉታል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንም ይካፈሉታል። ለዚህ የሚያስፈልገው በጀት አይደለም፤ ከጉዞው በፊት ምን እንደሚወርድ በወረቀት ጽፎ ለተጓዡ መስጠት ብቻ ነው። ያለዚያ ባልደረባችሁ የሚያወርደው ምን እንደሚሆን እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ይቀራል። በአፍሪካን ስቶሪቡክ ላይ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ለሁሉ ተፈቅዷል። በስም ተመዝግቦ ገብቶ፥ በድረ ገጹ ካሉት ሥዕሎች መርጦ ወይም የራስን ሥዕል አስገብቶ አዲስ ታሪክ መሥራት ይቻላል። በነሐሴ ወር ልጃገረዶች በቆቦ ሶለል ሲጫወቱ፥ ከዞብል በኩል ግመሎች ጭነው ሲመጡ፥ ገበሬው ሌሊት ጎርፍ ሊጠልፍ መብራት ይዞ ሲወጣ፥ ይህን ሁሉ የሚያውቅ መምህር ወይም ጸሐፊ በከተማው አለ። ዐሥራ ሁለት ገጽ ይበቃል፤ በየገጹም አንድ ዓረፍተ ነገር፥ ከስድስት ቃል ያልበለጠ። ስለ ግመሉ ቢጀምሩ መልካም ነው። ሥዕሉን ልጅዎ በእርሳስ ይሣለው፤ እርስዎም በስልክዎ ፎቶግራፍ አንሥተው መስመር በመጣ ቀን ይላኩት።